የማንቆርቆሪያው ኮፍያ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ትኬቷ ይላታል። ግማሽ ዕድሜዋን አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆርጥ ኖራ፣ አንድ ቀን በሩ አጠገብ የብረት ሣጥን ተተከለ፤ ሳንቲም የሚውጥ፣ ትኬት የሚተፋ፣ መልስ ሲያጎድል እንኳ ማንም ደፍሮ የማይሰድበው ማሽን ወንበሯን ወረሰ። ስትሰናበት ሹፌሩ «ማሽኑ እንዳንቺ አይስቅም» ቢላት «ወሬ የሚያቀብልህ አጣሁ አትልም?» አለችው። እውነቷን ነው። የከተማው ሐሜት ግማሹ በዚያ አውቶቡስ ይሳፈር ነበር፤ ያውም ሳይከፍል። ወንበሩ ቀረ፣ ደሞዙ ቀረ፣ ቅጽል ስሟ ግን አብሯት ወረደ።

ቤት መዋል ስትጀምር ያስቸገራት ጊዜው ሳይሆን ጣቶቿ ነበሩ። ስንት ዘመን ትኬት ሲገነጥሉ የኖሩ ጣቶች ሥራ ሲፈቱ ያገኙትን መገንጠል ጀመሩ፤ የጋዜጣ ጠርዝ፣ የመጋረጃ ዘርፍ፣ በመጨረሻም የአማቷን የሶፋ ልብስ። አማቷ የሶፋቸው ክንድ እርቃኑን ሊቀር መሆኑን ያዩ ቀን ቁርጡን ነገሯት።

«ልጄ፣ ወይ እጅሽን ሥራ አስይዢው፣ ወይ እኔ ከነሶፋዬ ልውጣልሽ።»

የሚኖሩት ሦስት ሆነው ነው፤ እሷ፣ ባሏና የባሏ እናት፣ ደረጃ ተወጥቶ በሚገባባቸው ሁለት ክፍሎች። ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ ከዚያው ደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ ደንበኛ ሲገባ ባለቤቱ ትንፋሹን የሚሰበስብባት ጠባብ ክፍል ናት። ረጋ ያለ፣ ዝምተኛ፣ በቀጭን መቆንጠጫ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ብሎን አንስቶ ቦታዋ የሚመልስ ሰው ነው። ጣቶቹ የሴት ጣት ይመስላሉ እየተባለ ይታማ ነበር፤ ሐሜቱ ምስጋና መሆኑን የሚያውቁት የእጅ ሰዓታቸውን ያሠሩ ሴቶች ብቻ ናቸው። እሱ አልሰማም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ሥራ ፍለጋው ትኬቷን እትዬ ክር ዘንድ አደረሳት። እትዬ ክር ድሮ ሹራብ ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ነበሩ፤ ፋብሪካው ቢዘጋም እሳቸው አልተዘጉም። ከፎቶ ቤቱ በላይ ባለች ክፍል፣ ግድግዳውን ተከትለው በተደረደሩ ወንበሮች ላይ፣ ለሰፈር ሴቶች ኮፍያና ሻርፕ ያስተምራሉ። ወሬ ይፈቀዳል፣ ሳቅ ይፈቀዳል፤ ስህተት ግን አይፈቀድም። ሕጋቸው አንድ ናት፤ የተሳሳተ ሥራ ከዚያ ክፍል አይወጣም። በሁሉ ፊት ይተረተራል፣ ክሩ ወደ ልቃቂቱ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይጀመራል። ለምን ሲባሉ፣ ስህተት ቤት ከገባ ይለበሳል፣ ከተለበሰ ይለመዳል ይላሉ። ሕጓ ብዙ ጥሩ እጅ አፍርታለች። የትኬቷ ጦስም የመጣው ከዚችው ሕግ ነው።

መጀመሪያ ፊትና ጀርባ የሚባሉትን ሁለቱን የአሠራር ዓይነቶች ተማረች። መርፌው ላይ የምትንጠለጠለዋን እያንዳንዷን የክር ቀለበት እዚያ ክፍል «ዓይን» ይሏታል፤ አንዷ ዓይን ካመለጠች ከሥሯ ያሉት ሁሉ ተከታትለው ይንሸራተታሉ። የትኬቷ ጣቶች በደስታ አበዱ። ከመገንጠል ሌላ ማያያዝም እንደሚችሉ ያወቁት ገና ያኔ ነው። ሲከብዳት እትዬ ክር ከመነጽራቸው በላይ አይተው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሏታል። ከመደጋገማቸው የተነሣ እንኳን እሷ እንቁላሉም ሳይሰለቸው አልቀረም።

የመጀመሪያ ኮፍያዋን የሠራችው ለባሏ ነው፤ ግራጫ፣ ወፍራም ክር፣ ጌጥ የሌለው። ከመቸኮሏ የተነሣ እትዬ ክር ሳያዩት ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ ይዛው ወጣች። ምሳ ላይ ባሏ ራስ ላይ ብታጠልቀው ቅንድቡን አለፈ፣ ጆሮዎቹን ይዞ ወረደ፣ አፍንጫውን ሸፍኖ ቆመ። ሰውዬው ከውስጥ ሆኖ «መብራት ጠፋ እንዴ?» አለ። ከስንት አንዴ የሚቀልድ ሰው ስለሆነ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አማቷ እንባቸውን እየጠረጉ «ልጄን በቁሙ ልትገንዢው ነው?» አሉ። ከዚያ ኮፍያውን ከልጃቸው ራስ ገፈፉና ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ድቡልቡል የሻይ ማንቆርቆሪያ አለበሷት። ማንቆርቆሪያዋን ከነጆሮዋ ከነአፍንጫዋ ዋጣት፤ ተርፎም በአንድ ጎን እንደ ሰካራም ባርኔጣ ተንጋደደ። «እሷን ነው ያማረባት» ብለው ፈረዱ። ሻዩ ሙቀቱን ያዘ፣ ኮፍያውም እንጀራ አገኘ። እትዬ ክር ሲጠይቋት ትኬቷ ተርትሬዋለሁ ብላ ዋሸች። ከዚያ ክፍል ሳይተረተር ያመለጠ ስህተት ያ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኮፍያ ልክክ አለ። ጠርዙን ሁለት ፊት ሁለት ጀርባ እያፈራረቀች እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ አድርጋው፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ሁለት ሁለቱን ዓይን አንድ እያደረገች ዘጋችው። ያን ብርድ ሙሉ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ውስጥ እንኳ አላወለቀውም። ደንበኛ ማን ሠራልህ ሲለው ጣቱን ወደ ጣራው ይቀስራል፤ ሚስቱ ከላይ ናት። የማያውቅ ሰው ፈጣሪን የሚጠራ ይመስለው ነበር።

ሙቀቱ መጥቶ ሄደ፣ ብርዱ ተመለሰ። ኮፍያው ከሣጥን ሲወጣ አልገባም አለ። ሰዓት ሠሪው ታግሎ ቢያስገባውም፣ ሲያወልቀው ግንባሩ ላይ ቀይ መስመር ቀረ።

«እጅሽ ጠበቅ ሳይል አይቀርም» አላት ቀስ ብሎ፣ እንዳይከፋት።

እሷም አመነች። ለምን አታምን? ጀማሪ ነች። እትዬ ክር ኮፍያውን በሁለት እጃቸው ወጠር አድርገው አዩት፤ የጀማሪ እጅ ሲፈራ ክሩን ያንቃል፣ የታነቀ ክር ደግሞ ውሃ ሲነካው ይኮማተራል ብለው ፈረዱ። ከዚያ ያው የተለመደው መጣ። ተርትሪው። ሴቶቹ እያዩ ክሩን ሳበችው፤ ባሏን አንድ ብርድ ሙሉ ያሞቀ ኮፍያ ከአናቱ ጀምሮ እየተፈታ፣ እየተቆለመመ፣ ጉልበቷ ላይ ተከመረ። የልቃቂቱ ክር ቀጥ እስኪል ድረስ የባሏ ራስ ቅርጽ ተጣብቆበት የቀረ መሰላት።

በዚያ ምክንያት ናሙና መሥራት ተማረች። ዋናውን ሥራ ከመጀመሯ በፊት መዳፍ የምታህል ቁራጭ ትሠራለች፣ ታጥባታለች፣ ታደርቃታለች፣ ከዚያ በሜትር ትለካታለች። ሦስተኛው ኮፍያ በናሙና ተሠራ፤ ልክ ሆነ፤ ከርሞ ጠበበ፤ ተተረተረ። አሁን ወፈር ያለ መርፌ መያዝን ተማረች። አራተኛው ልክ ሆነ፤ ከርሞ ጠበበ፤ ተተረተረ። በአራት አጫጭር መርፌዎች ያለ ስፌት በዙሪያ መሥራትን ተማረች፤ ስፌቱ ይሆናል የሚያጠብበው ተብሎ። እያንዳንዱ ስህተት አንዳንድ ጥበብ እያስታቀፋት ሄደ። ከእሷ በፊት የገቡት ሴቶች ገና ጠርዝ ላይ ሲንፏቀቁ እሷ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሻርፕ ታወጣለች። ሰው ባሏን ሲያይ የሚስቱን እጅ ያደንቃል። ያ እጅ የተማረው ከዚያ ራስ መሆኑን ማንም አላሰበም።

ሻርፕ ያስተማሯት ቀን እትዬ ክር አንድ ነገር ነግረዋታል። ኮፍያ መጨረሻውን ራሱ ያውቃል፣ አናት ላይ ሲደርስ ይዘጋል፤ ሻርፕ ግን መጨረሻ የለውም፣ ካልቆረጥሽው እስከ ዕለተ ሞትሽ ይከተልሻል አሏት። «የት ላይ እንደምታቆሚ ካላወቅሽ የአንገቱን ባለቤት ጠይቂ።» ቤት ሄዳ ባሏን ስትጠይቀው አንገቱን አስግጎ ለካላትና «አንቺ ሥሪ፤ ይበቃል የምልሽ እኔ ነኝ» አላት። እውነትም ወገቡ ላይ ሲደርስ ይበቃል አለ። ከዚያ በኋላ ሻርፕ በሠራች ቁጥር የምታቆመው እሱ ይበቃል ሲል ነው።

አሁን ጠማማው ነገር ይመጣል። ትኬቷ ለሌላ ሰው የሠራችው ኮፍያ አንድም ቀን ጠቦ አያውቅም። ከእሷ ጋር የምትማረው ዳቦ ሻጯ ለባሏ አንድ አሠርታ ነበር፤ ሰውየው ምድጃ አጠገብ እየዋለ፣ ዱቄት እየጠጣ፣ ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ ሲሞት እንኳ ኮፍያው ልኩን አልሳተም። ዳቦ ሻጯ ደግሞ ምላሷ ከዳቦዋ ቀድሞ የሚበስል ሴት ናት። ትኬቷ በሌለችበት ቀን መርፌዋን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ለሰው ሲሆን የሚለሰልስ እጅ ለባል ሲሆን ከጨከነ ክሩ የልብን ያውቃል ማለት ነው አለች። በቃ። ወሬው ከፎቶ ቤቱ ደረጃ ወረደ፣ ዳቦ ቤቱን ዞረ፤ አማቷ ጆሮ ሲደርስ «ባሏን በክር አስራዋለች» የሚል ሆኖ ነበር።

አማቷ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያምኑ ሴት አልነበሩም። ነገር ግን ልጃቸው ራሱን እያመመው ነው። ጠዋት ሲነሣ ግንባሩን በሁለት እጁ ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ምሳ ላይ መብራቱ ዓይኔን ወጋኝ ይላል። አንድ ቀን አማቷ ኮፍያውን ከመስቀያው አንስተው ሣጥን ውስጥ ከተቱና ምራታቸውን ሳያዩ ተናገሩ።

«እስኪ ይረፍ። የሚያሳምመው ይኸው ይሆናል።»

ትኬቷ አልተጣላችም። ያ ነው ክፉው። አውቶቡስ ላይ ስንቱን ጎረምሳ አፉን ያስያዘች ሴት፣ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። ለካ አንድ ሰው ሳያውቀው በእጁ ክፉ ሊሠራ ይችላል። ለካ ልብ የማያውቀውን ጣት ያውቃል። ከዚያን ቀን ወዲያ ለባሏ ኮፍያ ዓይን ስትጥል ክሩን የምትይዘው እንደ ትኩስ ብርጭቆ፣ በጣቷ ጫፍ ሆነ፤ ሥራዋም እንደ ወንፊት ላላ፤ እሱም ቢሆን ከርሞ ጠበበ።

ቤቱ ውስጥ ሌሎች ነገሮችም ነበሩ፤ ለየብቻቸው ሲታዩ ከቀልድ የማያልፉ። ሰዓት ሠሪው አዲስ ጫማ ገዝቶ መጣ፤ የዘንድሮ ጫማ ሠሪ ቆዳ ይሰስታል ብሎ ትልቅ ቁጥር መረጠ። በዓመቱ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ። የጋብቻ ቀለበቱ ከጣቱ ጠፋ፤ የሰዓት መስታወት ስለሚጭር አውልቄዋለሁ አለ። ድምፁ ወፈረ፤ እናቱ የሟች አባቱን ድምፅ አመጣ ብለው ደስ አላቸው። ማንኮራፋቱ ከደረጃው ሥር ባለው ሱቅ ያሉትን ሰዓቶች ያስቆማል እየተባለ ተሳቀ። ሲስቅ የፊት ጥርሶቹ መሃል ክፍተት ታየ፤ ዳቦ ሻጯ ፍንጭት አማረበት አለች። በዚያ ዕድሜ ጥርስ እንዴት ይፈነጨታል ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዚያ የሴት ሰዓት አልቀበልም አለ። ኮራ ተባለ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን፣ እንደ ሳህን የሚሰፉትን ብቻ ነው የሚሠራው። ሱቁ በግድግዳ ሰዓት ተሞላ፤ ደረጃውን ስትወጣ በእግርህ ሥር አንድ ትልቅ ነገር የሚያላምጥ ይመስላል። ቀጥሎ የበር መቃን ትከሻውን ይመታው ጀመር። የገዛ ቤቱን በር፣ ስንት ዘመን የገባበትን። አንድ ቀን ትኬቷ በጎኑ ቆማ ሻይ ስታቀብለው እጁን አልዘረጋም፤ እንደተቆጣ መስሏት ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ብታኖረው ክው ብሎ ደነገጠ። ለካ አላያትም። ሐሳብ ይዞኝ ነው አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አንድ ምሳ ላይ፣ እናቱ ወጣ ባሉበት፣ ከዚህ በኋላ ኮፍያ ይቅርብኝ፣ ሻርፕ ሥሪልኝ አላት። ሻርፕ ይሻላል፣ ሻርፕ ሁሉንም ያቅፋል አለ። ይህን ሲል ከፊቷ ላይ ዓይኑን አላነሣም፤ ፊት ለፊት ያለውን ብቻ እንደሚያይ እሷ ገና አታውቅም፣ የፍቅር መሰላት። ደስም አላት፣ አፈረችም። ከዚያ ሄዳ የኮፍያ መርፌዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠቻቸው። እትዬ ክር ለምን ሲሏት—

«እጄ ክፉ ነው እትዬ» አለቻቸው።

እትዬ ክር ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እንቁላሉ ምንም አላሉም።

ነገሩ የፈነዳው በማንቆርቆሪያዋ ነው። አማቷ ሻይ ሊቀዱ የማንቆርቆሪያዋን ኮፍያ ሲገፉት ጣታቸው አንዷን ክር ሳበና ዓይን አመለጠች፤ መስመሩ እስከ ጠርዙ ድረስ ተንሸራተተ። ምራታቸውን ጠርተው ያዢልኝ አሏት። ትኬቷ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ያመለጠችውን ዓይን ከሥር ወደ ላይ አንድ በአንድ ለቀመቻት። ደግ ሥራ አልነበረም፤ የአንድ ጀማሪ ወልጋዳ ሥራ። እንዲያውም ስታየው ሳቋ መጣ፤ መብራት ጠፋ እንዴ ያለው ትዝ አላት። ስንት ብርድ አለፈ ከዚያ ወዲህ? ይቺ ኮፍያ ቅንድቡን አልፋ፣ ጆሮውን ውጣ፣ አፍንጫውን ሸፍና…

ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።

ኮፍያውን መልሳ ማንቆርቆሪያዋ ላይ አጠለቀችው። ከነጆሮዋ ከነአፍንጫዋ ዋጣት፤ ተርፎም በአንድ ጎን ተንጋደደ። እንደ መጀመሪያው ቀን። ስንት ጊዜ ታጥቦ፣ ስንት ጊዜ እንፋሎት ጠጥቶ፣ የአንዲት ጣት ያህል እንኳ አልተኮማተረም፤ ማንቆርቆሪያዋም አልከሳችም። አወለቀችው፣ ደግማ አጠለቀችው። አማቷ ሻዩ ይቀዘቅዛል እያሉ ነው።

ደረጃው ላይ የባሏ ኮቴ ተሰማ። በፊት ድመት ነበር፤ አሁን ደረጃው ያቃስታል። ገባ፣ ትከሻው መቃኑን ገጨ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ትኬቷ ከኋላው መጥታ ቆመች፤ እሱ መቆሟን አላየም። ያቺን ግራጫ ኮፍያ በሁለት እጇ ዘርግታ ራሱ ላይ አጠለቀችለት።

ኮፍያዋ ከጆሮው በላይ ቆመች። ሳብ አደረገቻት። አልወረደችም። ትኬቷ የጠገነቻት ዓይን ተወጥራ ጠጠረች፣ ግንባሩ ላይ ክሩ ነጭ እስኪሆን ተለጠጠ።

አማቷ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ። ሳቁ ሳይወጣ ቀረ። ከልጃቸው ራስ ወደ ራቁቷ ማንቆርቆሪያ፣ ከማንቆርቆሪያዋ ወደ ልጃቸው ራስ አዩ፤ ከዚያ ፊቱን አዩት፤ በየቀኑ እያዩት ያላዩትን ፊት። አገጩ፣ ቅንድቡ ላይ ያበጠው አጥንት፣ የወፈረው አፍንጫ።

«ልጄ እኮ ማደግ የጨረሰው ድሮ ነው» አሉ፣ በሕፃን ድምፅ።

ታች ሱቁ ውስጥ ሰዓቶቹ ያላምጣሉ።

«ታውቅ ነበር?» አለች ትኬቷ። አሁንም ከኋላው ናት። ፊቱን ማየት አልፈለገችም።

እሱ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። ያ የታማ ቀጭን ጣት የለም፤ ጠረጴዛው ላይ የተኙት የድንጋይ ፈላጭ እጆች ናቸው። ከዚያ ነገራት፤ ባጭሩ፣ ቃል እየመዘነ። ቀለበቱን ያወለቀው አይደለም፣ አልወጣ ሲለው በመጋዝ ቆርጦታል፤ ቁራጩ መሳቢያው ውስጥ አለ። የሴት ሰዓት የተወው ብሎኗ ከጣቶቹ ሥር ስለጠፋችበት ነው። በጎንና በጎን ያለው ዓለም ደግሞ እንደ መጋረጃ እየተዘጋ መጥቷል።

«ታዲያ እጅሽ ነው አልከኝ።»

«እጅሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለ ሰዓት ሠሪው። «እጅ ይታረማል።»

ትኬቷ እነዚያን ሁሉ ኮፍያዎች አሰበቻቸው፤ ከአናት እስከ ጠርዝ በገዛ እጇ የተረተረቻቸውን። በመደዳ ቢቀመጡ ኖሮ ሕፃን ልጅ እንኳ አይቶ የሚናገረው ነገር ነበር፤ አንዱ ካንዱ ሲሰፋ፣ ሲሰፋ። ክሩ ግን ያው አንድ ክር ነው፣ ስህተት ነህ በተባለ ቁጥር ወደ ልቃቂቱ የተመለሰ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እሱ በአፉ ሲደብቅ እሷ በእጇ ስትደብቅለት ኖራለች። ሊያወልቀው ሲሞክር ኮፍያው ጠብቆ አልወጣ አለ። እሷ ናት ቀስ አድርጋ የሳበችለት፤ ቀይ መስመሩን በመዳፏ አሻሸችው። የሚገባውን ስድብ ለኋላ አስቀመጠችው። አላለቀም፤ ዛሬም ተቀምጦ አለ።

ሆስፒታል ሲሄዱ ሐኪሟ ብዙ አልጠየቀችም። የድሮ ፎቶ አላችሁ ወይ አለች፤ አማቷ ከቦርሳቸው የሠርጉን አወጡ። ሐኪሟ ፎቶውን ከፊቱ አጠገብ አድርጋ አንዴ ይህን አንዴ ያን አየች፤ አስተያየቷን ሦስቱም አልወደዱትም። ከዚያ አስረዳቻቸው። ከአንጎል ሥር አተር የምታህል እጢ አለች፣ ሰውነትን እደግ ብላ የምታዝ፤ የሱዋ ግን ማዘዟን ማቆም ረስታለች፣ ራሷም አብጣ የዓይኑን ጅማት ተጭናዋለች። መውጣት አለባት። ከዓይኑ የተወሰደው ይመለስ አይመለስ ቃል አልገባም አለች፤ ስለ ቀሪውም ስትናገር «እንሞክራለን» ነው ያለችው። ለምን ይህን ያህል ቆያችሁ ስትል ሰዓት ሠሪው አንገቱን ደፋ።

«እጄ መስሎን» አለች ትኬቷ።

ሐኪሟ አልገባትም። ማስረዳቱም አላስፈለገም።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ዳቦ ሻጯ ቤታቸው ድረስ ዳቦ ይዛ መጥታ በር ላይ ሰጥታ ተመለሰች፤ ሳታወራ የሄደችበት ቀን ያ ብቻ ነው። እትዬ ክር ግን ደረጃውን እያረፉ ወጡ። ወንበር አልፈለጉም። ያቺን ግራጫ ኮፍያ ልያት አሉ፤ ተርትሬዋለሁ ያልሽኝ ይቺ ናት አሉ፤ ገለባብጠው አዩአት። ከዚያ አንድ ልቃቂት ወፍራም ክር ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«እጅሽ ጠብቆ አያውቅም» አሏት። «እኔ ነኝ ሳላይ የፈረድኩ።» በሩ ላይ ደርሰው ደግሞ ዘወር አሉ፤ ቀስ በቀስ ብለው ጀመሩ፣ እንቁላሉ ጋ ሳይደርሱ አፋቸውን ያዙ። ያቺ እንቁላል በእግሯ ስንት ዓመት ስትሄድ እንደኖረች ሁለቱም አሁን ያውቃሉ።

ቀዶ ጥገናው በተቀጠረበት ጠዋት ሰዓት ሠሪውን በተሽከርካሪ አልጋ ይዘውት ሄዱ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ነርስ ሲወጣ ራሱ በፋሻ ስለሚታሰር ብርድ እንዳይመታው ሰፋ ያለ ኮፍያ አዘጋጁ ብላ አለፈች። ትኬቷ መርፌዎቿን ከጨርቁ ፈታች፣ የእትዬ ክርን ልቃቂት ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመች። በስንት ዓይን ትጀምር? እጆቿ ቆሙ። የሌላውን ሰው ሁሉ ራስ በዓይኗ ለክታ የምትሠራ ሴት፣ ከዚያ በር የሚወጣው ራስ ምን ያህል እንደሚሆን አታውቅም። ይውጣ አይውጣም አታውቅም።

ስለዚህ ሻርፕ ጀመረች። ሻርፕ ልክ አይጠይቅም።

የብረት ወንበሮቹ ቀዝቃዛ ናቸው። አማቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል፤ ያቺን ግራጫ ኮፍያ ይዘው መጥተዋል፣ እጃቸውን እንዲሞቃቸው ውስጧ ከትተው። በሩ ይከፈታል፣ የሌላ ሰው ስም ይጠራል፣ ይዘጋል። ፊት፣ ጀርባ፣ ፊት፣ ጀርባ። የኮሪደሩ ግድግዳ ሰዓት ቆሟል፤ ዛሬ ሳይሆን ድሮ የቆመ ነው፣ አቧራ ጠጥቷል። ትኬቷ አንዴ ቀና ብላ አየችው፤ ሲወጣ እንዲሠራላቸው እነግረዋለሁ ብላ አሰበችና ሐሳቡን ሳትጨርሰው ተወችው። ሻርፑ ከጉልበቷ ወረደ፣ ባቷን አለፈ። ክንዷ ዛለ። ከወገብ የሚያልፍ ሻርፕ ሰው እንደማይለብስ ታውቃለች፤ ይህ ግን መሬት ነክቶ መታጠፍ ጀምሯል።

አማቷ ጎንበስ አሉና ጫፉን ከወለሉ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት፤ አቧራውን አራገፉለት። ርዝመቱን አዩ፣ የተዘጋውን በር አዩ።

«ልጄ፣ አይበቃም ወይ?»

«እሱ ነው ይበቃል የሚለኝ» አለች ትኬቷ፤ መርፌውን አዙራ ቀጣዩን ረድፍ ጀመረች።